ሀዋሳ፦ አዲስ ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ የመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ተጣብቄያለሁ

ጉድኝት_አዲሱ (ሰኞ፣ ማታ 3:20)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ነው።

14 ዓመት አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ ገጠር፣ ከዚያ ከተማ። ክረምት ክረምት እየተማርኩ የትምህርት ቤት አመራር ዲፕሎማውን ጨረስኩ። ሦስት ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ሠራሁ። ዘንድሮ ተወዳድሬ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። በጉድኝቴ አምስት ትምህርት ቤት አለ። ሞተር የለኝም፤ በባጃጅ ነው የምዞረው፣ ከኪሴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ገባሁ። የክፍል ምልከታ ቅጹን ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። መምህሯ ጎበዝ ናት። ዕቅዷ ተሟልቷል፣ ሰሌዳው ንጹህ ነው፣ ልጆቹ በህብረት ሲያነቡ ግድግዳው ይነቃነቃል። ሁሉም ላይ "በጣም ጥሩ" እያልኩ ሞላሁ። ልወጣ ስል ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከመጨረሻው ዴስክ አንዱን ልጅ መጽሐፍህን ይዘህ ና አልኩት። ሌላ ገጽ ገለጥኩና "ይቺን አንብብልኝ" አልኩት። ልጁ ጣቱን ፊደሉ ላይ አሳረፈና የቅድሙን ገጽ በቃሉ ይወጣልኝ ጀመር። አንድ ቃል አልሳተም። ጣቱም አብሮ ይሄዳል።

ዘጠኝ ልጅ ጨመርኩ። ሦስቱ አነበቡ። አራቱ ፊደል በፊደል ይለቅማሉ። ሁለቱ ልክ እንደ መጀመሪያው ልጅ ናቸው።

ማታ ቤት ገብቼ የትምህርት ቤቱን የሩብ ዓመት ሪፖርት ከፈትኩት። "ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ተማሪዎች፦ 96 ከመቶ" ይላል።

ርዕሰ መምህሩ የክረምት ትምህርት ጓደኛዬ ነው፤ አንድ ዶርም ነው የከረምነው። ነገርኩት። ሳቀ። "ወንድሜ፣ 96 ብዬ የጻፍኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አንተ 30 ብለህ ካስገባህ ጉድኝትህ ብቻዋን ጎልታ ትወጣለች። እኔን ያነሱኛል፣ አንተም አትቆይም" አለኝ።

የተጠቃለለው ሪፖርት ዓርብ ይገባል። ምን ላድርግ? አልዋሻችሁም፣ ወደፊት የመምሪያ ቦታ የማስብ ሰው ነኝ። ገና ከአሁኑ ስሜ እንዲበላሽ አልፈልግም።


ጠመኔ_በሊታ (ሰኞ፣ ማታ 3:31)

እንኳን ደስ አለህ ልበልህ ወይስ እግዜር ያጽናህ? ቸግሮኝ ነው።


የክላስተር_ተረኛ (ሰኞ፣ ማታ 3:50)

አትንካው። እኔም ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ ሌላ ክፍለ ከተማ። ቅጹ የሚለው "ማንበብ የሚችሉ" ነው። ምን ማንበብ እንደሆነ አይልም። በቃሉ የወጣልህም ልጅ አነበበ ነው፣ ሃሃ።

ከምሬ ግን፣ ሥርዓቱን እወቀው። ኢንስፔክሽን ሲመጣ በ26 ስታንዳርድ ነው የሚመዝኑህ። ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት። ደረጃ 3 ለመግባት ቢያንስ 70 ከመቶ ያስፈልግሃል። እኔ እስካየሁት ነጥቡ የሚሰጠው ለፋይሉ ነው። ቃለ ጉባኤ አለ? የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ (ወተመህ) ፊርማ አለ? የተከታታይ ምዘና መዝገብ አለ? ልጅ ጠርተው ሲያስነብቡ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ዕለት ደግሞ የተጠራው የመምህርቷ የራሷ ልጅ ነበር።

96ቱን ተወው። ልጆቹን ግን ማስተማር ትችላለህ፣ ማን ከለከለህ? በዝምታ አስተካክል።


ጋሼ_ጡረታ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15)

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሌሊት አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። የልጁ ጣት ናት የነሳችኝ።

እኔ ጠመኔ የጨበጥኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋ ይሰጥ ነበር፤ ሲዳምኛም አንዱ ነው፣ ያኔ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። እኔ የነበርኩበት ጣቢያ አንድ አስተባባሪ ነበረን፣ ኃይለኛ ሰው። ተማሪዎቹ አባወራና እማወራ ናቸው። ሰውየው ሊፈትን ሲመጣ የማስተማሪያውን መጽሐፍ አይነካም። ከኪሱ የተጣጠፈ ጋዜጣ አውጥቶ "አባቴ፣ ይሄን" ይላል። ያላነበበውን አያሳልፍም። እኛ ወጣቶቹ እንጠላው ነበር፤ ቁጥራችንን ያበላሽብናል።

ከዚያ በኋላ መምህር፣ ዩኒት መሪ፣ ርዕሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። አንድ ሁለት ዓመት ቢሮም ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የምነግርህ ከውጭ ሆኜ አይደለም። የ1 ለ 5 ጊዜ ርዕሰ መምህር ነበርኩ። የልማት ሠራዊት፣ ውጤት ተኮር፣ በየሳምንቱ ሪፖርት። አንድ ዓመት "ከ8ኛ ክፍል ያለፉ 100 ከመቶ" ብዬ ፈርሜያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ስብሰባ ላይ የጎረቤት ትምህርት ቤት 98 ሲል ሰማሁ፣ እኔ ከሱ አላንስም አልኩ። በቃ ይሄው ነው። ተጨበጨበልኝ።

ካቻምና አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ወረድኩ። አንዱ ጎልማሳ ቆሮሶ እየላጠ "ቲቸር!" ብሎ ተነሳ። ተማሪዬ ነበር። ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ተጣላን። ስሄድ እጁን በሸሚዙ ጠርጎ ስልኩን አወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቲቸር፣ ከባንክ መልእክት መጥቷል፣ ምን ይላል?" አለኝ። ከ100ዎቹ አንዱ እሱ ነው። ዓሣውን ይዤ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

አሁን ወደ አንተ። እውነቱን ታስገባዋለህ፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። አገባቡን ግን እወቅበት።

አንደኛ፣ ዓርብን አትጠብቅ። ኃላፊ መጥፎ ቁጥር መጀመሪያ ወረቀት ላይ ካየ ያንተን ተንኮል ነው የሚያየው። ቀድመህ ቢሮው ገብተህ በቃልህ ንገረው። ሻይ ሰዓት ይሻላል፣ ጸሐፊዋም አትኖርም።

ከዚያ በፊት ግን ጓደኛህን ይዘህ ክፍል ግባ። እሱ ራሱ ያስነብብ። አንተ ዝም በል። ርዕሰ መምህር በሰው ፊት ከተጠመደ ይዋሻል፤ ብቻውን ልጁን ካየ ግን እሱም አባት ነው።

የመምህሯን ስም የትም እንዳትጽፍ። አንዷን ክፍል ብቻ ይዘህም እንዳትሄድ፤ አምስቱንም ትምህርት ቤት ዙር። አለዚያ "ያቺ ሰነፍ" ብለው እሷ ላይ ይጨርሱታል። አንተ ራስህ ጎበዝ ናት ብለሃል።


ፊደል_ቆጣሪ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:40)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ስታስነብብ ግን በደንብ አስነብብ፣ አለዚያ "አስፈራርቶ ነው" ይሉሃል።

በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ሲደረግ በስድስት ቋንቋ ነበር፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና ሲዳምኛ። ልጁ አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል፣ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጠራል። በሲዳምኛ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከግማሽ በላይ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ያየኸው ነገር አዲስ አይደለም፣ አንተም አልፈጠርከውም። ይሄን ለኃላፊህ ንገረው፤ ትከሻው ቀለል ይለዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁ አይቶት የማያውቅ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅ። ከክፍል አውጥተህ ጥላ ሥር አብራችሁ ተቀመጡ። ስሙን ጠይቀው፣ አጫውተው፣ ከዚያ አስነብበው። ሰነፎቹን ወይም ጎበዞቹን መምህሯ አትምረጥልህ፤ ከስም መዝገቡ በየአምስተኛው ጥራ። አንድ ነገር ደግሞ፣ በሲዳምኛ የሚማረውን ልጅ በአማርኛ እንዳታስነብብ። እኔ ይሄ ሲደረግ አይቻለሁ፣ በዓይኔ።


ከአትላንታ_ነኝ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:05)

ከሀዋሳ ከወጣሁ 19 ዓመቴ ነው። የምኖረው አትላንታ አጠገብ ነው። ይሄን ክር ሳነብ እዚህ የሆነው ነገር መጣብኝ። ረዥም ነው፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

እዚህ አገር የአንድ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ የሚመራ ሰው ሱፐርኢንቴንደንት ይባላል። ከ1999 እስከ 2011 የአትላንታዋ ዶክተር ቤቨርሊ ሆል ነበሩ። ትውልዳቸው ጃማይካ ነው። ኒውዮርክ አስተማሩ፣ ርዕሰ መምህር ሆኑ፣ የከተማዋ ትምህርት ምክትል ኃላፊ እስከ መሆን ደረሱ። ከዚያ ኒውአርክ የምትባለውን ከተማ ክፍለ ግዛቱ ትምህርት ቤቶቿን ሲነጥቃት እሳቸው ተልከው መሩ። አንተ የምታስበውን መንገድ ከታች እስከ ላይ የወጡ ሰው ናቸው ማለት ነው።

አትላንታ እንደመጡ ለየትምህርት ቤቱ የፈተና ግብ ተቀመጠ። ግቡን የማይመታ ርዕሰ መምህር ወንበሩ አይጸናም። በዘመናቸው አብዛኞቹን ቀይረዋል። ውጤት በየዓመቱ ከፍ አለ፣ ከተማው ኮራ፣ ነጋዴው ብር ሰጠ። በ2009 የአሜሪካ የዓመቱ ሱፐርኢንቴንደንት ተብለው ተሸለሙ።

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። በየዓመቱ ትልቁ ስታዲየም፣ ጆርጂያ ዶም፣ ሠራተኛው ይሰበሰባል። ግቡን የመታው ትምህርት ቤት ታች ሜዳው ላይ ከመድረኩ ፊት ይቀመጣል። ያልመታው ዳር ላይ፣ የተመልካች ወንበር። እስቲ አስቡት፣ በሺህ በሚቆጠር የሥራ ባልደረባ ፊት ወደ ዳሩ ወንበር ስትወጡ።

በኋላ የከተማው ጋዜጣ ቁጥሩን ጠረጠረ። የመልስ ወረቀቶቹ ላይ የላጲስ ምልክት ተቆጠረ። ከስህተት ወደ ትክክል የተቀየረው መልስ ከመጠን አለፈ። በ2011 የወጣው የክፍለ ግዛቱ ምርመራ 44 ትምህርት ቤት ውስጥ ማጭበርበር አግኝቻለሁ አለ፤ 178 መምህራንና ርዕሰ መምህራን ተጠቀሱ። ቅዳሜና እሁድ ተሰብስበው በላጲስ ሲያርሙ የነበሩ ሁሉ አሉ። በ2013 ሆልን ጨምሮ 35 ሰው ተከሰሰ። እሳቸው ጥፋት የለብኝም ብለው ተከራከሩ። ታመው ነበርና ችሎት ሳይቀርቡ በማርች 2015 አረፉ። በወሩ 11 የትምህርት ሠራተኞች ጥፋተኛ ተባሉ። በካቴና ሲወሰዱ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። መምህር በካቴና ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ቀይሩ" የሚል ደብዳቤ ማንም መጻፍ አያስፈልገውም። ያ ወንበር ይበቃል።


የቱላ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:30)

ከአትላንታው ወንድማችን ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን ከኛ ጋር አታደባልቁት። እዚያ ሱፐርኢንቴንደንቱን የሚቀጥረው የትምህርት ቦርድ ነው። ኮንትራት አለው፣ በጀት ያዛል፣ ርዕሰ መምህር ያነሳል። የኛ ሱፐርቫይዘር ማንን ያነሳል? የባጃጅ ሂሳብ እንኳ የሚከፍልለት የለም። ከሱ በላይ ክፍለ ከተማ አለ፣ ከዚያ የከተማው መምሪያ፣ ከዚያ የክልሉ ቢሮ፣ ከዚያ ሚኒስቴር። ሪፖርቱ በእያንዳንዱ በር ሲያልፍ ለገበያ እንደሚነዳ በግ ነው፤ ጨው ይልሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሆዱ ይነፋል።

ደግሞ ስለ መሪነት ብቻ አታውሩ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ይቺ ከተማ ሌላ ከተማ ናት። ትናንት እንሰት የነበረው ዛሬ ኪራይ ቤት ነው። ልጅ በየቀኑ ይመጣል። ስታንዳርዱ በክፍል 50 ነው፤ እስቲ ወደኛ ሰፈር ኑና 50 ልጅ ያለበት ክፍል አሳዩኝ። ጠዋት ፈረቃ፣ ከሰዓት ፈረቃ። መምህሯ እያንዳንዱን ልጅ አንድ ደቂቃ ላስነብብ ብትል ክፍለ ጊዜው አለቀ። ቁጥር የሚሰርቀው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፣ ጭንቀትም ነው።


ጠመኔ_በሊታ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:42)

የበጓን ነገር ነገ ማረፊያ ክፍል እናገራለሁ። የራሴ አስመስዬ።


ሀቅ_ይነገር (ማክሰኞ፣ ማታ 2:10)

የቱላ ልጅ፣ ምክንያት መደርደር አያልቅም። ጥር 2015 ላይ የወጣውን ውጤት ረሳችሁት? የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰጠ፣ ኩረጃ ተዘጋ፣ ጉዱ ወጣ። 900 ሺህ ገደማ ተፈትኖ ከ50 ከመቶ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,161 ትምህርት ቤቶች። ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ወጥተው እንዳለ ተናገሩት። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4። መሪ ማለት እንዲህ ነው። ያማል፣ ግን ይነገራል።


የቱላ_ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:25)

መነገሩን አልጠላሁም። የተነገረው ለማን ነው? 12 ዓመት ተቀምጦ ለጨረሰ ልጅ። 3ኛ ክፍል እያለ ካርዱ ላይ "ወደ 4ኛ ክፍል ተዛውሯል" ነበር የሚለው። በየዓመቱ ተዛወረ፣ በየዓመቱ አጨበጨብን፣ መጨረሻ ላይ አውቶብስ ጭነን ወስደን ወደቅህ አልነው። ሪፖርቱን 96 ያለው ሰው የት ሄደ? አድጓል፣ ቢሮ ገብቷል።


ጋሼ_ጡረታ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:33)

ገብቼ ነበር። እውነቱን ነው።


እናት_አቶቴ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:05)

ይሄን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት። እያነበበችልኝ ነበር፣ እኔም ልናገር አልኳት።

ቡና አፍልቼ ነው ልጅ የማሳድገው። ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። ካርዱ ላይ ከ71 ልጅ 7ኛ ይላል። ለመምህሩም ለዘመዱም አሳይቻለሁ፣ በፕላስቲክ አስለብሼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ባለፈው ትንሿ እህቱ ታማ ሽሮፕ ታዘዘላት። ስንቴ ነው የምትወስደው፣ አንብብልኝ አልኩት። እኔ አልተማርኩም። ጠርሙሱን አገላበጠው፣ አገላበጠው። "እማ፣ ፈረንጅኛ ነው" አለኝ። እኔም አመንኩት። ጎረቤቴ መጥታ ስታየው፣ የፋርማሲዋ ልጅ በአማርኛ በእስክሪብቶ ነው የጻፈችው። "በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ማንኪያ"።

አልመታሁትም። እሱም አፍሮ ውጭ ቁጭ አለ።

ሱፐርቫይዘሩ፣ አንተን ቢያነሱህ ወደ ማስተማርህ ትመለሳለህ፣ ደመወዝህ አይቀርም። የመዋጮ ጊዜ ስብሰባ ይጠሩናል፣ እንመጣለን። ትምህርት ለትውልድ ተብሎም የአቅሜን ሰጥቻለሁ። ልጄ አያነብም ብሎ የጠራኝ ግን የለም።


የክላስተር_ተረኛ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:40)

እትዬ፣ ቅድም የጻፍኩትን ልሰርዘው ፈልጌ ነበር። ተዉት ይቀመጥ፣ ይጠየቅበት።


ጉድኝት_አዲሱ (ሐሙስ፣ ማታ 4:00)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን የጠፋሁት ስዞር ነው። ለባጃጅ ያወጣሁትን አልነግራችሁም።

ጋሼ እንዳሉት መጀመሪያ ጓደኛዬን ይዤ ገባሁ። እምቢ ብሎ ነበር። ዋርካው ሥር ሁለት ወንበር አወጣን። ፊደል ቆጣሪ እንዳለው ከመዝገቡ በየአምስተኛው ጠራን፣ አጭር ጽሑፉንም ራሴ ጻፍኩት፤ ስለ አንዲት ፍየል ነው። ጓደኛዬ እያሳቀ ያስነብባል። አራተኛዋ ልጅ "ፍየል" የምትለዋን ቃል አይታ ዝም አለች። ፍየሏን ሥዬላት ነበር፣ ሥዕሉን አይታ "በግ" አለች። እሱ ያን ጊዜ ሳቁን አቆመ። (ሥዕሌም ጥሩ አልነበረም፣ ልጅቷ ላይ አልፈርድም።)

በአምስቱ ትምህርት ቤት 50 ልጅ አስነበብን። 19ኙ አነበቡ።

ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ ኃላፊው ጋ ገባሁ። በቃሌ ነገርኩት። መጀመሪያ "ማን ላከህ?" አለኝ። ማንም አልላከኝም አልኩ። "ሌሎቹ ጉድኝቶች ስንት አሉ?" 95፣ 97፣ እንዲህ ነው አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ስልኩ ሁለቴ ጠራ፣ አላነሳውም። ከዚያ ቅጹን ተቀብሎ አየውና "96ቱን አትሰርዘው። ከጎኑ በእጅህ ጻፈው፣ 50 ተፈትነው 19 ብለህ። እኔም ፊርማዬን አደርግበታለሁ" አለኝ። ለምን እንዳልሰርዘው አልገባኝም። ፈርቶ ይሁን ብልጠት ይሁን እናንተ ፍረዱ። ልወጣ ስል "ሰኞ እኔም እመጣለሁ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ለማንም እንዳትናገር" አለኝ።

ከመምህሯም ጋር ተነጋገርን። ጠዋት ከሰልፉ በፊት ያልቻሉትን ልጆች ለብቻ ይዛ ልትጀምር ነው። ከእሷ የሰማሁት ደግሞ አሳፈረኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ይሄንኑ በጽሑፍ አመልክታ ነበር። "ግብረ መልስ ይሰጥበታል" ተብሎ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ፋይሉ የተሟላ ስለሆነ ነጥብ ተሰጥቶበታል።

እናት አቶቴ፣ ልጅሽ የሚማረው እኔ ጋ ከሆነ በጎረቤትሽ በኩል ንገሪኝ።

አሁን ማታ ጓደኛዬ ደወለ። መምጣታችንን ከየት እንደሰማ እግዜር ይወቅ። "ወንድሜ፣ ሰኞ የፍየሏን ነው ወይስ ሌላ ነው የምታስነብቡት? ልጆቹን ላዘጋጃቸው ብዬ ነው" አለኝ።


ጋሼ_ጡረታ (ሐሙስ፣ ማታ 4:12)

እንዳትነግረው። ለኃላፊውም እንዳትነግር። ጽሑፉንም እዚያው ጠዋት ጻፈው።